ውሃው ሳይደርቅ ዓሣው ይመዝገብ

ከሐረር በሸዋ በር ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የአወዳይን የጫት ገበያ ግርግር ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ከመንገዱ ዳር ዝርግ ስፍራ ይገጥመዋል። የሐረማያ ሐይቅ ወለል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ገደማ ሐይቁ ደርቆ ካለቀ በኋላ ለዓመታት እዚህ ውሃ አልነበረም። ከብት ይግጥበት ነበር። ገበሬው ጉድጓድ እየቆፈረ፣ በሞተር ፓምፕ ከሥር የቀረውን ውሃ ለጫቱና ለአትክልቱ ይስብበት ነበር። ከዚያ በፊት ግን መረብ የሚጣልበት፣ ወፍ የሚሰፍርበት፣ የሐረርም ቧንቧ የሚቀዳበት ሐይቅ ነበር።

ሲደርቅ ጩኸቱ የተሰማው ከከተማው ነው። ጀሪካን ይዞ መሰለፍ የሐረር ሰው የዘወትር ኑሮ ሆነ። ኋላ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ እየተሳበ፣ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ እየተገፋ ወደ ሐረር እንዲመጣ ተደረገ። ስለ መድረቁ ምክንያት ብዙ ተብሏል፤ ሁሉም እውነት አለበት። ለሐረር፣ ለአወዳይና ለሐረማያ ያለማቋረጥ ይቀዳ ነበር፤ በዙሪያው ያለው እርሻ በመስኖ ይጠጣው ነበር፤ የተራቆቱት ኮረብታዎችም በየክረምቱ አፈራቸውን እያራገፉ ወለሉን ሞሉት። ሐይቁን ያጠኑት ፕሮፌሰር ብሩክ ለማ ገና ጨርሶ ሳይደርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ሐረማያን ከቢሾፍቱ አካባቢው ከሆራ ኪሎሌ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ነበር። ኪሎሌን የለወጠው ወንዝ ተጠልፎ ስለገባበት ነው፤ ሐረማያን የለወጠው ደግሞ ውሃው ስለተወሰደበት። ሁለቱንም የለወጠው የሰው እጅ ነው።

በቅርብ ዓመታት የሐረማያ ውሃ ተመልሷል። የሚያስደስት ዜና ነው። ቢሆንም ውሃ ከሰማይ ይመለሳል፤ ዓሣ ግን ከሰማይ አይወርድም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨርሶ ሲደርቅ በውስጡ የነበረው ዓሣ አብሮ ያልቃል። ተመልሶ የሚኖረው ከገባር ጅረት የተረፈ ካለ ወይም ሰው ከሌላ ቦታ ካመጣው ብቻ ነው። ያ ዓሣ በሌላ ወንዝ የሚኖር ከሆነ ጉዳቱ የአካባቢው ነው። በሌላ ስፍራ የሌለ ከሆነ ግን ከምድር ገጽ ጠፍቷል ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደደረሰ ለማወቅ ዓሣው ቀድሞ ተይዞ፣ ተለክቶ፣ በስም ተመዝግቦ መገኘት አለበት። ይህ ዘገባ ስለዚያ ምዝገባ ነው፤ አዲስ የዓሣ ዝርያ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚለይ፣ ማን እንደለየው፣ ከተለየ በኋላስ ምን እንደገጠመው።

ጥያቄው ለሐረር ሰው የሩቅ አይደለም። የሐረር ደጋ የውሃ መለያያ ነው። በደንገጎ ሰሜናዊ ገጽ የጣለ ዝናብ በድሬዳዋ በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። በደቡቡ ገጽ የጣለው በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች፣ በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ አድርጎ ወደ ዋቤ ሸበሌ ይገባል። ዋቤ ሸበሌ ወደ ሶማሊያ ይዘልቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስን ሳይነካ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይቀራል። ሐረማያ ደግሞ በመካከል፣ ለአንዳቸውም ሳይገብር ለብቻው ተዘግቶ ይኖራል። ሰው በአንድ ቀን በእግሩ የሚያቋርጠውን ይህን ርቀት ዓሣ በሺህ ዓመትም አያቋርጠውም። ወፍ ተራራ ይሻገራል፣ ጅብ ሸለቆ ይወርዳል፤ ዓሣ ግን ውሃው በሄደበት ብቻ ነው የሚሄደው። አንድ ዓሣ ከወገኖቹ ተቆርጦ ለብቻው በቆየ ቁጥር ከነሱ እየተለየ ይሄዳል፤ አዲስ ዝርያ የሚፈጠርበት ዋናው መንገድ ይኸው ነው። ተራራማዋ ኢትዮጵያ ደግሞ ውሃዋን በየአቅጣጫው የከፋፈለች አገር ናት። ከ150 በላይ ከሆኑት የአገራችን የዓሣ ዝርያዎች በርካቶች ሌላ አገር የማይገኙት ስለዚህ ነው።

የምዝገባው ታሪክ በሙላት የሚታየው ጣና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከፍራንክፈርት የመጣው ኤድዋርድ ሩፔል በጎንደር ሰንብቶ ከጣና የያዛቸውን ዓሦች ወደ አገሩ ወሰደ። አውሮፓ ሲመለስ ስም ሰጣቸው፤ ከስሞቹም ሱርኪስና ጎርጓሪን የመሳሰሉት የአካባቢው ሰው የሚላቸው ነበሩ። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ ኤድዋርድ ዴገን የተባለ ሰብሳቢ ከጣና ብዙ ዓሣ ለቅሞ ወደ ለንደን ላከ። በብሪታንያ ሙዚየም የነበረው ጆርጅ ቡሌንጀር እነዚያንና ሌሎች ከኢትዮጵያ የመጡ ዓሦችን እየለካ፣ እየሣለ፣ ስም ማውጣት ያዘ። ትንሽ ልዩነት ያየበትን ሁሉ የተለየ ዝርያ ብሎ ሰየመው። ያ ዘመን የአሳሾች ዘመን ነበር። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ ከዘይላና ከጂቡቲ የሚነሳው ሲራራ ዋና ማረፊያው ሐረር ነበረች። ኋላ በስማቸው ዓሣ የተሰየመላቸው አሳሾቹ እነ ኤርላንገር እ.ኤ.አ. በ1900 ያለፉት በሐረር በኩል ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመንም ቢኒ የተባለ ጣሊያናዊ በጣና ጥናት አካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1940 ሌሎች ስሞችን ጨመረ።

እንዲህ እየተጨመረ የሄደው ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1973 በአንድ ጊዜ ተጠቀለለ። ኪት ባኒስተር የተባለ እንግሊዛዊ ባርበስ የሚባሉትን የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ትላልቅ ዓሦች መርምሮ፣ በኢትዮጵያ ደጋ የነበሩትን በአሥሮች የሚቆጠሩ ስሞች በአንድ ስም ሥር ከተታቸው። በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት የአንድ ዝርያ የመልክ መለዋወጥ እንጂ የዝርያ ልዩነት አይደለም ብሎ ፈረደ። በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ሺብሩ ተድላ የኢትዮጵያን የጨው አልባ ውሃ ዓሦች ስርጭት የሚዘረዝር መጽሐፍ በአዲስ አበባ አሳተሙ። ኢትዮጵያዊ የአገሩን ዓሣ በራሱ እጅ መመዝገብ የጀመረበት ሥራ ነው፤ ከሚገባው በታች የሚታወስም ይመስለኛል።

የባኒስተር ፍርድ ለ20 ዓመት ያህል ጸና። የሻረው ባሕር ዳር ዓሣ ማራገፊያ ላይ የቆመ ሰው ሊያየው የሚችል ነገር ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲገቡ ነጭ ዓሣ እየተባለ በአንድ ዋጋ የሚራገፈው ክምር አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ አፉ ሰፊ፣ ራሱ ረጅም፣ ገላው ሸንቃጣ ነው፤ ሌላው ከራሱ ኋላ ጉብታ አለው። አንዱ ወፍራም ሥጋማ ከንፈር ያለው፣ ሌላው ጭንቅላቱ አጭር፣ ሌላው ዓይኑ ትልቅ ነው። የሆላንዱ የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊዮ ናግልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ክምር በሚገባ ለዩት። እያንዳንዱን ዓሣ ለኩ፣ ሆዱን ከፍተው ምን እንደበላ አዩ፣ በየትኛው ጥልቀትና በየትኛው ዳርቻ እንደሚኖር መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ 14 ዓይነት ለዩ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1997 እና በቀጣዮቹ ዓመታት የሩፔልንና የቢኒን ስሞች ከመቃብር አስነሥተው፣ ስም ላልነበራቸው አዲስ ስም አውጥተው፣ በጣና ብቻ የሚኖሩ 15 ትላልቅ ዝርያዎች እንዳሉ አሳወቁ። ዛሬ ላቢዮባርበስ በሚባል ወገን ሥር ይመደባሉ።

ቁጥሩን ካገኘን ትርጉሙ ላይ መቆም ይገባል። እነዚህ ዓሦች የካርፕ ዘመዶች ናቸው። በዚያ ቤተሰብ ያሉ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ያላቸው ጥርስ ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ጥርስ በሌለው አፍ ሌላ ዓሣ ማደን ይከብዳል፤ በዓለም ላይ ያሉት ዘመዶቻቸው ባብዛኛው ከጭቃና ከተክል የሚለቅሙ የሆኑት ለዚህ ነው። የጣናዎቹ ግን ከ15ቱ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ከአንድ ቅድመ አያት የወረዱ፣ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሆነው መተዳደሪያ የተከፋፈሉ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ በሥነ ምድር ዘመን ሲታሰብ ትናንት ነው። ከጣና ወለል የወጣ ደለል ሲመረመር፣ ሐይቁ ከ16 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ደረቅ ዘመን ደርቆ እንደነበርና ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ እንደገና ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ እንደጀመረ ታውቋል። ጣናም ደርቆ ያውቃል። ከደረቀ በኋላ በገባር ወንዞች የተረፉት ተመልሰው ገቡ፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ከለከለ፣ ሐይቁም ለነሱ ብቻ ቀረ። የዝርያዎቹ ልዩነት ከዚያ ወዲህ የመጣ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ፈጣን ለውጥ በትላልቅ ዓሦች ዘንድ ብርቅ ነው። ለዚህም ይመስላል የዘረመል ምርመራ በዝርያዎቹ መካከል የሚያገኘው ልዩነት ከመልካቸው ልዩነት ይልቅ ትንሽ የሆነው። መልካቸው ተለያይቷል፣ አመጋገባቸው ተለያይቷል፣ ደማቸው ግን ገና ቅርብ ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ በቁጥሩ የማይስማሙት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ በበኩሌ የሆድ ዕቃቸውንና የመራቢያ ጊዜያቸውን ያየ ሰው አንድ ናቸው ለማለት የሚቸገር ይመስለኛል።

ጣና ከትንንሾቹም ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ማርቲን ደ ግራፍ፣ ዶክተር እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቻቸው ባርበስ ታናፔላጊየስ ብለው የሰየሙት ዓሣ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። ከዳርቻ ርቆ በሐይቁ መካከል እየዋኘ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳትን ይበላል። ከዚያ በፊት በዳርቻ ከሚኖረው ከሌላ ትንሽ ዓሣ ጋር ይምታታ ነበር። ትላልቆቹ ዓሣ በሎች የሚያድኑት እንዲህ ያሉትን ነው፤ የሐይቁ መሶብ የቆመበት ዓሣ ለሳይንስ ስም ያገኘው ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ተመራማሪ ከወንዝ ያወጣውን ዓሣ አዲስ ነው ለማለት ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ በሕይወት እያለ ፎቶ ያነሳዋል፤ ቀለሙ አልኮል ውስጥ ሲገባ ይጠፋልና። ከክንፉ ጥቂት ቆርጦ ለዘረመል ምርመራ በጠንካራ አልኮል ያስቀምጣል። ዓሣውን ራሱን እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ይነክረዋል፣ ከቀናት በኋላ አጥቦ ወደ ቀለል ያለ አልኮል ያዛውረዋል። ከዓሣው ጋር ወደ ጠርሙሱ የምትገባ ትንሽ ወረቀት አለች፤ ወንዙ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው ይጻፍባታል። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ያሟሟዋል። ያቺ ወረቀት ከጠፋች ዓሣው በሳይንስ ዓይን ዋጋ የለውም።

ከዚያ ቆጠራ ነው። ከስንጥቡ እስከ ጅራቱ በጎኑ በሚሄደው መስመር ላይ ስንት ቅርፊት አለ? የጀርባው ክንፍ ስንት አጥንት አለው? ስንጥቡ ውስጥ ያሉት ማጣሪያዎች ስንት ናቸው? ጢም አለው ወይ፣ ካለውስ ሁለት ነው አራት? ዓይኑ ከራሱ ርዝመት ስንት እጅ ይሆናል? በራጅ የአከርካሪው አጥንቶች ይቆጠራሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ዓሣ ላይ አይበቃም፤ ግለሰብ ከግለሰብ ይለያያልና ከትንሹ እስከ ትልቁ፣ ከወንዱም ከሴቷም ብዙ መለካት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ከባዱ ይመጣል። ያንን ዓሣ ቀድሞ ስም ከወጣላቸው ዘመዶቹ ጋር ማስተያየት ግድ ነው። በእንስሳት ስያሜ ሕግ የዝርያ ስም ከመለያ ናሙና ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንድ ብቻ ሆኖ ሲመረጥ ሆሎታይፕ ይባላል። ክርክር ሲነሳ ዳኛው እሱ ነው። የስያሜው መነሻ ከሆነው ከሊቁ ሊኔየስ የ1758 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ወዲህ በሕጉ መሠረት ቀድሞ የወጣ ስም ይጸናልና፣ የቀድሞዎቹን ሳያይ ስም ያወጣ ሰው ሥራው ይፈርስበታል። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ዓሦች መለያ ናሙናዎች የት ናቸው? የሩፔል ፍራንክፈርት፣ የቡሌንጀር ለንደን፣ ከጣሊያናውያኑም የአንዳንዶቹ ጄኖቫ። የኤረርን ዓሣ ሊያጠና የተነሳ የሐረር ልጅ አያቱ ሲያሰግሩት የኖሩትን ዓሣ መለኪያ ለማየት ቪዛ ማውጣት አለበት። ይህን ጉዳይ ሳስበው ይቆጨኛል። ከተማችን የአሳሾችን ሻንጣ ስታሳድር የኖረች ናት፤ ከሻንጣው ውስጥ ግን ለራሷ ያስቀረችው የለም።

ሁኔታውን መለወጥ የጀመሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከፊተኞቹ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን ናቸው። ጋራ በሚባለው የዓሣ ወገን ላይ ለብዙ ዘመን ሠርተዋል። ጋራዎች ትንንሽ ናቸው፤ ከአፋቸው በታች ባለ ክብ መጣበቂያ ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው፣ ውሃው ሲወረወር ሳይወሰዱ፣ ከድንጋዩ ላይ አልጌ እየፋቁ ይኖራሉ። ማንም ለምግብ ስለማይፈልጋቸው ገበያ ላይ አይታዩም፤ ገበያ ላይ የማይታይን ዓሣ ደግሞ የሚቆጥረው የለም። ፕሮፌሰር አበበ በኒው ዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የዓሣ ተመራማሪ ከሆኑት ከሜላኒ ስቲያስኒ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 ከኢትዮጵያ አምስት አዲስ የጋራ ዝርያዎችን በአንድ ጊዜ አሳወቁ። አንዱ ጣናን፣ አንዱ ደምበጫን፣ አንዱ ጌባን በስሙ ተሸክሟል። አምስቱም የኖሩት ሰው በየቀኑ ልብስ በሚያጥብባቸውና ከብት በሚያጠጣባቸው ወንዞችና ዳርቻዎች ነው፤ ለማግኘት ጠፍ ምድር መውረድ አላስፈለገም።

ጠፍ ምድር መውረድ ያስፈለገበትም ጊዜ አለ። ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ገደማ በሚገኘው፣ ፍል ውሃ በሚመግበው፣ ጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅ ሁለት ዓሦች አሉ፤ ሁለቱም ሌላ የትም አይገኙም። አንደኛውን ጣሊያናዊው ደቺዮ ቪንቺጌራ የባሮን ፍራንኬቲን የደንከል ጉዞ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1931 ሰየመው። ሁለተኛውን ፕሮፌሰር አበበ ከኬኔት ላዛራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ሰየሙት፤ ስሙንም ለስቲያስኒ መታሰቢያ አደረጉት። ልብ በሉ፦ በአፍዴራ ጨው ማምረት የተስፋፋው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነው። ዓሣው ስም ያገኘው ሐይቁ ወደ ፋብሪካ ሜዳነት መለወጥ ከጀመረ በኋላ ነው።

ፍለጋው አላለቀም። የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጉዞ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአገሪቱን ወንዞች ሲያስስ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ቦሪስ ሌቪንና ባልደረቦቹ በኢሉባቦር፣ በመቱ በኩል በሚያልፈው በሶር ወንዝ ስድስት ዓይነት መልክና አመጋገብ ያላቸው ጋራዎች አብረው እንደሚኖሩ አስታወቁ፤ ከአልጌ ፋቂው ጀምሮ ሌላ እንስሳ እስከሚያድነውና ወፍራም ከንፈር እስካለው። ሐይቅ ሳይሆን አንድ ወንዝ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ማፍራቱ ባለሙያዎችን አስገርሟል። ለእኛ ደግሞ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ማንም ትኩረት ያልሰጠው ወንዝ ውስጥ ምን እንዳለ መረብ ካልገባበት በግምት አይታወቅም።

መታወቅ ብቻውን ግን አያድንም። ይህንም ከጣና እንይ። ከ15ቱ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባር ወንዞች ይሄዳሉ፤ የሚራቡት ጠጠር ባለበት ንጹሕ ወራጅ ውሃ ነው። በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ የሚደረገው ማስገር በጣና የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። አስጋሪው ዓሦቹ በወንዝ አፍ ላይ በሚሰበሰቡበት ወቅት መረቡን እዚያው ዘረጋ፤ ወንዝ ውስጥ ደግሞ በብርብራ ፍሬ ማደንዘዝ ነበረ። ደ ግራፍና ባልደረቦቹ ከ1991 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) ያለውን ጊዜ ሲያነጻጽሩ፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አገኙት። በአሥር ዓመት ውስጥ! ስም በተሰጣቸው በዚያው አሥር ዓመት። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ2003 (እ.ኤ.አ.) ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ በእምቦጭ፣ በወንዝ አሸዋ ማውጣትና በመስኖ ጠለፋ የሚመጣው ጫና ተጨመረ።

ዓለም ለጣና ለምን እንደሚጨነቅ ለመረዳት ፊሊፒንስን ማየት ይበቃል። በዚያ አገር በላናኦ ሐይቅ የካርፕ ዘመድ የሆኑ፣ እንደ ጣናዎቹ ከአንድ ሐረግ የወጡ ብዙ ዝርያዎች ነበሩ። ከውጭ የገቡ ዓሦች በሏቸው፣ ተሻሙባቸው፤ መረብ ደግሞ የቀሩትን ለቀመ። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓመት ማብቂያ የዚያ ሐይቅ 15 ዝርያዎች ከምድር ጠፍተዋል ብሎ መዘገበ። በሐይቅ ውስጥ ያልፈረሰ እንዲህ ያለ የትላልቅ ካርፖች ቤተሰብ በዓለም ላይ ቀርቶ የሚታወቀው በጣና ነው።

ወደ ሐረር ውሃ ስንመለስ፣ ዋቤ ሸበሌ በሚዘልቅባት በሶማሊያ ምድር ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ። ጣሊያናውያን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጉድጓድና ከዋሻ ያወጧቸው ዓይን የሌላቸው ዓሦች ናቸው፤ ከመሬት በታች ባለ ውሃ ውስጥ በድቅድቅ ጨለማ ይኖራሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ፍሬያቲክቲስ የሚባለው፣ ቅርፊትም ቀለምም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ውስጣዊ ሰዓቱ ከፀሐይ ቀን ጋር እንደማይሄድና ዙሪያውን በ47 ሰዓት ገደማ እንደሚጨርስ አሳይቷል። ይህ ዓሣ የሚያስታውሰን የከርሰ ምድር ውሃም ነዋሪ ሊኖረው እንደሚችል ነው። ሐረር ዛሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጉድጓድ ስንቆፍርና ፓምፕ ስንተክል የምንነካው ባዶ ጋን አይደለም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። የሐረር ተፋሰሶች እንደ ጣና አልተጠኑም፤ እንዲጠኑ ደግሞ ሁሉ ነገር በእጃችን አለ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሐይቁ ዳር ተቀምጧል። አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ልምድ አለው። ከኤረር፣ ከጎበሌና ከሐረማያ ገባሮች ዓሣ በየወቅቱ ሰብስቦ፣ ከነወረቀቱ በጠርሙስ አስቀምጦ፣ የዘረመል ናሙናውን አብሮ ይዞ፣ እዚሁ አካባቢ የሚቆይ ስብስብ ማቋቋም ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ። ሐረማያ ሲሞላ የሚመጣው የመጀመሪያው ሐሳብ የዓሣ ጫጩት ከሌላ ቦታ አምጥቶ መልቀቅ ነው። ሐሳቡ ቀና ነው፤ ሰው ዓሣ ቢበላ፣ ወጣት ሥራ ቢያገኝ ማን ይጠላል? ሆኖም በሐይቁና በገባሮቹ ምን እንደተረፈ ሳይታወቅ የውጭ ዓሣ ከተለቀቀ፣ የተረፈው ካለ የሚጠፋው ማንም ሳያየው ነው። ሐይቁና ወንዞቹ ላሉባቸው ክልሎች የግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ጫጩት ከመልቀቃችሁ በፊት አንድ ዓመት፣ ክረምቱንም በጋውንም፣ ተቆጥሮ ይመዝገብ። አንተም ኤረር ዳር መረብ የምትጥል ወንድሜ፣ አንቺም ጎበሌ ወርደሽ ውሃ የምትቀጂ እህቴ፣ ከለመዳችሁት የተለየ ዓሣ ካያችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ የወንዙን ስምና ቀኑን ጻፉ፣ ለዩኒቨርሲቲው ንገሩ።